በሆስፒታል የተኛ የኮሮና ሕመምተኛ ተላላፊ መሆኑን በቫይረስ መጠን መወሰን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ፣ አራዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። መሃል አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የማገለግል ነርስ ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ታካሚያችንን የሚመለከት ቢሆንም እየተመላለሰ የሚያስቸግረን ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ታካሚው ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ አባት ናቸው። ኮሮና ባስከተለባቸው ከባድ የሳንባ ምች ተኝተው ብዙ ቀን በኦክስጂን ሲረዱ ከቆዩ በኋላ አሁን ያለ ኦክስጂን መተንፈስ ችለዋል፤ ትኩሳታቸው ከጠፋ ቀናት ሆኖታል፤ ምግብም መቅመስ ጀምረዋል። ሕመሙ ከጀመራቸው 19ኛ ቀናቸውን ይዘዋል። ይሁን እንጂ ኩላሊታቸው በመዳከሙ እስካሁን በመድኃኒት ሲገፋ የቆየው ፖታሲየማቸው እየጨመረ ስለሆነ እጥበት ያስፈልጋቸዋል። የእጥበት ክፍሉ ደግሞ ኔጌቲቭ የሆነ የፒሲአር ውጤት ካልመጣ እንደማይቀበላቸው ነግሮናል።

ትናንት የተወሰደው ናሙና ፖዘቲቭ ሆኖ መጣ። ከውጤቱ ወረቀት ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ሲቲ 31» ተብሎ የፒሲአሩ የዙር ቁጥር ተጽፎበታል። ሲገቡ በሌላ ላቦራቶሪ የተሠራላቸው ምርመራ ሲቲ 24 ነበር። ቀደም ሲል በኤችአይቪ ክሊኒክ በሠራሁበት ጊዜ የታካሚውን ቫይራል ሎድ (በደሙ ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) አይተን ሕክምናው መሥራቱንም፣ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉንም በልበ ሙሉነት እንናገር ነበር። ለኮሮናስ እንደዚያ ያለ ቁጥር አለ? ሲቲ 31 የሆነ ሰው አሁንም ያስተላልፋል ማለት ነው ወይስ አያስተላልፍም? ልጆቻቸውም በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ እናት አሏቸውና አባታችንን ይዘን ብንገባ እናታችንን እንጎዳለን ብለው ይሰጋሉ። የማውቀውን ያህል ብመልስላቸውም ልቤ አልተረጋጋም።

መልስ፦ የሞለኪውላር ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ልደታ

ሲስተር፣ እኔ ከማሽኑ በኩል ያለውን ላስረዳ፤ የሕክምናውን ነገር ሐኪሞች ይሙሉበት።

ፒሲአር የቫይረሱን አርኤንኤ፣ ማለትም የዘር መልእክቱን፣ ወደ ዲኤንኤ ለውጦ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛዋል። ናሙናው ውስጥ ብዙ አርኤንኤ ካለ በስክሪኑ ላይ የምናየው መስመር በጥቂት ዙር ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ተጋድሞ ቆይቶ ዘግይቶ ይነሣል። መስመሩ የተቀመጠለትን ወሰን ያለፈበት የዙር ቁጥር ነው ሲቲ የሚባለው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የቫይረሱ ብዛት ይጨምራል። የ3.3 ዙር ልዩነት የአሥር እጥፍ ያህል፣ የ10 ዙር ልዩነት ደግሞ የአንድ ሺህ እጥፍ ያህል ልዩነት ነው። በዚህ ስሌት ቁጥሩ ከ24 ወደ 31 መውጣቱ የቫይረሱ መጠን ከመቶ እጥፍ በላይ መቀነስ ይሆን ነበር።

«ይሆን ነበር» ያልኩት ሁለቱ ምርመራዎች በተለያየ ላቦራቶሪ ስለተሠሩ ነው። የሲቲ ቁጥር እንደ ኪቱ (የመመርመሪያ ዕቃው)፣ እንደ ማሽኑ፣ አርኤንኤው ተጣርቶ እንደወጣበት መንገድና ምርመራው እንደሚፈልገው ጂን ይለያያል። የአሜሪካ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ኮሌጅ ለብዙ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና ልኮ ውጤታቸውን ሲያነጻጽር በዘዴዎቹ መካከል እስከ 14 ዙር የሚደርስ ልዩነት አግኝቷል። 14 ዙር በእጥፍ ሲሰላ ከ16 ሺህ እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የአንዱን ቤት 31 ከሌላው ቤት 24 ጋር አስተያይቶ መወሰን አደገኛ ነው። ሲቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ወዳለ የቅጂ ብዛት ለመለወጥ መጠናቸው የታወቀ መመዘኛ ናሙናዎችን አብሮ መሥራት ያስፈልጋል፤ በዕለት ተዕለት ምርመራ ግን አብዛኞቻችን ይህን አንሠራም፤ ምርመራው የተፈቀደውም «አለ» ወይም «የለም» ለማለት ነው።

ከኤችአይቪ ጋር ያነሡት ንጽጽር እዚህ ላይ ይለያያል። የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ የሚለካው ከደም ሲሆን፣ የሚመረመረው የፕላዝማ መጠን ተለክቶ የሚታወቅ ነው። የአፍንጫና የጉሮሮ ናሙና ግን ጥጡን በያዘው እጅ ላይ ይንጠለጠላል። ኦክስጂን ላይ ያለ፣ የደከመ ሕመምተኛ ጭምብሉ ለአፍታ ሲነሣለት እየታፈነ ፊቱን ያዞራል፤ ናሙና ወሳጁም አዝኖለት ጥጡን ገና ሳይደርስ መልሶ ያወጣዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ናሙና ሲቲ 31 ቢሆን ቫይረሱ ስላነሰ ይሁን ናሙናው ስላነሰ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም። ይህን ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር አለ፤ በብዙ ኪቶች ላይ ከቫይረሱ ጂን ጎን የሰው ጂን አብሮ ይባዛል። የሰው ጂኑ ቶሎ ከወጣ ጥጡ በቂ የታካሚውን ሕዋስ ይዟል፤ በጣም ከዘገየ ግን ናሙናው ደካማ ስለነበረ የቫይረሱንም ቁጥር ማመን አይቻልም። ሲቲ ጠይቀው የሚጽፉልዎት ከሆነ የሰው ጂኑንም ቁጥር ጨምረው እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ ፒሲአር ሕያው ቫይረስን ከሞተው ቅሪት የማይለይ መሆኑ ነው። በቲቢ ክፍል የሠሩ ይህን ያውቁታል፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ ምርመራ የሞተውንም ባክቴሪያ ዲኤንኤ ስለሚያነብ የሕክምና ክትትልን በእርሱ አንሠራም። በኮሮናም ሰውየው ካገገመ በኋላ የአርኤንኤ ቁርጥራጭ ለሳምንታት ሊገኝ ይችላል፤ ከላይኛው የመተንፈሻ አካል እስከ 83 ቀን ድረስ የተገኘበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ቫይረሱ በሕይወት መኖሩን የሚያሳየው ናሙናውን በሕዋሳት ላይ ዘርቶ ማሳደግ ነው፤ ይህ ግን ከፍተኛ የጥንቃቄ ደረጃ ያለው ላቦራቶሪና ብዙ ቀናት ስለሚፈልግ አልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛ ውሳኔ አይደርስም።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ስድስት ኪሎ

እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሲቲ ከ30 በላይ ከሆነ ተላላፊ አይደለም ብለን ከለይቶ ማከሚያ እናስወጣ ነበር። በሕዋስ ላይ የማሳደግ ሙከራዎችም ሲቲ ከፍ እያለ ሲሄድ ሕያው ቫይረስ የማግኘት ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። አልጋ በጠፋበት ሀገር ፍጹም የሆነ ማረጋገጫ እየጠበቅን ሕመምተኛ የምናጉላላበት ምክንያት አይታየኝም። ለሲስተር የምመልሰው ታካሚው ተላላፊ አይደሉም፣ ይታጠቡ የሚል ነው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ

ዶክተር፣ የአልጋውን ጭንቀት እጋራዎታለሁ፤ እጥበቱ ይደረግ በሚለውም እስማማለሁ። ነገር ግን 30 የሚለውን መስመር ለብቻው እንደ ፍርድ መያዝ አይገባም። የላቦራቶሪ ባለሙያው እንዳስረዱት የአንዱ ቤት 30 በሌላው ቤት 25 ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ሕመሙ ገና በሚጀምርበት ቀን ቫይረሱ ወደ ላይ በመውጣት ላይ እያለ የተወሰደ ናሙና ከፍተኛ ሲቲ ያሳያል፤ ያ ሰው በማግስቱ እጅግ ተላላፊ ሊሆን ይችላል። በ2ኛው ቀን የታየ 31 እና በ19ኛው ቀን የታየ 31 ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ትርጉማቸው የተራራቀ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቀው ሕመሙ የጀመረበት ቀን ነው።

በሆስፒታል ስለተኙ ሕሙማን በደንብ የተጠናውን ላንሣ። ወረርሽኙ በጀመረበት ሰሞን ሙኒክ ውስጥ በዘጠኝ ቀላል ሕመምተኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ አርኤንኤው በብዛት እየተገኘ እንኳ ከ8ኛው ቀን በኋላ ሕያው ቫይረስ ማሳደግ አልተቻለም። እነዚያ ግን እንደ ሲስተር ታካሚ በጽኑ የታመሙ አልነበሩም። በሮተርዳም ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ተኝተው የታከሙ 129 ሕሙማንን የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ለእኛ ጥያቄ የበለጠ ይቀርባል። ከ129ኙ በ23ቱ ላይ ሕያው ቫይረስ ተገኝቷል፤ የሚገኝበት ጊዜ መካከለኛው ሕመሙ ከጀመረ በ8ኛው ቀን ሲሆን፣ ከ15 ቀን ጥቂት ካለፈ በኋላ የማግኘት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ሕያው ቫይረስ ከመገኘቱ ጋር ጎልቶ የተያያዘው የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሆኑ ነበር። ከዚህም ጋር በደም ውስጥ ቫይረሱን የሚያመክን አንቲቦዲ መታየት ሲጀምር፣ ማለትም ልኬቱ 1 ለ20 (20 እጥፍ ቀጥኖም ቫይረሱን ሲያመክን) እና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ሕያው ቫይረስ የማግኘት ዕድሉ በእጅጉ ቀንሷል።

ይህ ጥናት የሚለው የቫይረስ መጠን መለካት ዋጋ አለው፤ ግን ከቀኑና ከሰውየው የበሽታ መከላከል አቅም ጋር ተዳምሮ ሲነበብ ብቻ ነው። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው።

የኔጌቲቭ ውጤት ጥያቄው ከየት እንደመጣ እናስታውሳለን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ በነበሩት ወራት ሰው ከለይቶ ማከሚያ የሚወጣው ሁለት ተከታታይ ኔጌቲቭ ሲያመጣ ነበር። በዚያ ደንብ ምክንያት ድነው፣ ተጫውተው፣ ቤታቸው የሚገቡበትን ቀን እየቆጠሩ ፖዘቲቭነቱ አልለቅ ያላቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ይህን ለውጦ፣ ምልክት ያለበት ሰው ሕመሙ ከጀመረው 10 ቀን ሲሞላውና ከዚያም በላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ያለ ትኩሳትና ያለ የመተንፈሻ ምልክት ሲቆይ ያለ ምርመራ ሊወጣ ይችላል አለ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በጽኑ ለታመሙት ጊዜውን እስከ 20 ቀን አራዝሞታል። የዛሬው የእጥበት ክፍል ያን የቀረ ደንብ ይዞ መቆየቱ በታካሚው ላይ በእውነት የሚደርስ ጉዳት ነው፤ የጨመረ ፖታሲየም ልብን ያቆማል፤ የአርኤንኤ ቁርጥራጭ እስኪጠፋ አይጠብቅም።

በዚህ መሠረት በ19ኛው ቀን ያለ ኦክስጂን የሚተነፍሱ፣ ትኩሳት የሌላቸው አባት ተላላፊ የመሆናቸው ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው እል ነበር። ሆኖም ሲስተር አንድ ነገር አልነገሩንም። ታካሚው የበሽታ መከላከል አቅም የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት አላቸው? የካንሰር ሕክምና፣ የተተከለ አካል፣ ያልታከመ ኤችአይቪ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ? መልሱ ውሳኔውን ይለውጠዋል።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ፣ አራዳ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዳቸውን መልሼ አየሁት። ቀድሞም የኩላሊት ሕመም ስለነበረባቸው ከመግባታቸው በፊት ለሦስት ወር በቀን 40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ሲወስዱ ቆይተዋል። እዚህም ከገቡ በኋላ ለሳንባ ምቹ ዴክሳሜታዞን የተባለ ሌላ ስቴሮይድ ተሰጥቷቸዋል። የኤችአይቪ ምርመራቸው ኔጌቲቭ ነው። ክትባት ስለመውሰዳቸው ልጆቻቸው እርግጠኛ አይደሉም።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ

ሲስተር፣ እንግዲያው መልሴን አስተካክላለሁ። በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ከሁለት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው የመከላከል አቅሙ እንደተዳከመ ይቆጠራል፤ እርሳቸው እጥፉን ለወራት ወስደዋል። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ የቀን ቆጠራው ብቻውን አይበቃም። የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላና የመሳሰለ ሕክምና ባደረጉ ሕሙማን ላይ እስከ ሁለት ወር ድረስ ሕያው ቫይረስ የተገኘበት ሁኔታ አለ፤ የደም ካንሰር የነበረባቸው አንዲት ሴት ደግሞ አንድም ምልክት ሳይኖራቸው እስከ 70 ቀን ተላላፊ ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። የእርስዎ ታካሚ የእነዚያን ያህል የተዳከሙ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ግን 20 ቀን ሞልቷል ብለን ዓይናችንን ጨፍነን ከሌሎች የኩላሊት ሕሙማን ጋር አናስቀምጣቸውም፤ እነዚያም ራሳቸው ደካሞች ናቸው።

የቫይረስ መጠን መለካት የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው። በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ኪት፣ ቢያንስ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ናሙና ይወሰድላቸው፤ የሰው ጂኑም ቁጥር ይታይ። የሲቲ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እየጨመረ ከሄደ ወይም ቫይረሱ ከጠፋ እያጸዱ ነው ማለት ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ወደ 25 እና ከዚያ በታች ከተመለሰ ሕያው ቫይረስ እየተባዛ ሊሆን ስለሚችል ለይቶ ማከሙ ይቀጥላል፤ የስቴሮይዱም መጠን ከኩላሊት ሐኪማቸው ጋር ይመከርበታል። ከዚህ ጎን የአንቲጂን (የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልግ) ፈጣን ምርመራ ይሠራላቸው። አንቲጂን የሚወጣው የቫይረሱ መጠን ከፍ ሲል ስለሆነ ፖዘቲቭ ከሆነ ተላላፊ እንደሆኑ አድርገን እንይዛቸዋለን፤ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ጋር ተደምሮ ብዙ ያረጋጋናል። በአፍንጫ ያለው ቀንሶ በሳንባ ውስጥ ያለው ሊቆይ ስለሚችል አክታ የሚያወጡ ከሆነ እርሱም ቢመረመር እመርጣለሁ።

እጥበቱ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ መደረግ አለበት። ለልጆቻቸውም የማያስተላልፉ ለመሆናቸው ገና ማረጋገጫ እየጠበቅን መሆኑን፣ እናታቸውን ግን ውጤቱ እስኪታወቅ በስልክ እንዲያገናኟቸው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። አስታማሚ የሚሆነው ልጅም አንድና ጤነኛ የሆነው ይሁን።

መልስ፦ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

የእጥበቱን ጉዳይ እኔ ልጨምር፤ ፖዘቲቭ የሆነን ሰው ማጠብ የሚከለክል ምክንያት የለም፤ አሠራሩን ማስተካከል ነው። ታካሚው በዕለቱ የመጨረሻ ፈረቃ ላይ ይግቡ፤ ከተቻለ ለብቻቸው ክፍል፣ ካልተቻለ ደግሞ ሰው በማይመላለስበት ጥግ፣ ከቀጣዩ ወንበር ሁለት ሜትር ርቀው ይቀመጡ። እርሳቸው የሕክምና ጭምብል፣ የምታጥባቸው ነርስ ኤን 95 የተባለውን ጭምብል ታድርግ። በዚህ ክረምት ብርዱን ፈርተን በየክፍሉ መስኮት ዘግተን እንውላለን፤ ለእርሳቸው ብርድ ልብስ ደርቦ መስኮቱን መክፈት ይሻላል፤ የቫይረሱ መጠን ምንም ያህል ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰዓታትን አብሮ መቀመጥ ማስተላለፉን ያበዛዋል። ሲጨርሱ ወንበሩና የማሽኑ ውጫዊ ክፍል በክሎሪን ይጸዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ለሌሎች ዝግጁ ነው። ለክፍሉ ኃላፊም ይህን በጽሑፍ አቅርቡለት፤ ብዙ ጊዜ አይሆንም የሚባለው ከፍርሃት እንጂ ከክፋት አይደለም።

መልስ፦ የሞለኪውላር ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ልደታ

ሲስተር፣ ሁለቱንም ናሙናዎች የትናንቱን ወደሠራው ላቦራቶሪ ይላኩ፤ እንዲያ ከሆነ ሲቲ 31ንም ለማነጻጸሪያ እንጠቀምበታለን። በመጠየቂያው ፎርም ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ መሆናቸውንና የቀድሞውን ናሙና መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ ባለሙያው ሁለቱን መስመሮች በአንድ ስክሪን ላይ አውጥቶ እንዲያስተያይ ይጠይቁ። ናሙናውን የሚወስደው ሰው ከተቻለ ያው ሰው ይሁን፤ ጥጡ ከተወሰደ በኋላ በበረዶ ሣጥን ተይዞ በዕለቱ ይድረስ፤ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር አርኤንኤው ስለሚበላሽ የሲቲ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል፤ ታካሚውም ያልተሻላቸውን ተሽሏቸዋል ያሰኛል።